የፊተኛው ረድፍ ፍለጋ በንፋስ ስልክ

መጀመሪያ በደሉ ይመዝገብልኝ፤ ጉዞው ከዚያ ይከተላል።

ባለፈው ሳምንት ለቡ አካባቢ ካለ አንድ ሲኒማ ቤት፣ ፊልሙ ተጀምሮ ሳለ፣ እኔና ጓደኛዬ ፀዳለ ከወለል ላይ ተነስተን ወጣን። ወጣን ማለቴ ለወጉ ነው፤ አስወጡን። ትኬት ቆርጠናል። አልጮህንም፣ ማንንም አላስቸገርንም። ጥፋታችን ከፊት መቀመጥ መፈለጋችን ነበር። ከስክሪኑ ፊት ለፊት ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ ወንበር ግን የለም። ድሮ እዚያ የነበሩት ረድፎች ተነስተዋል። አሁን ወንበር የሚጀምረው ከአዳራሹ መሀል ነው፤ እሱም ሶፋ የሚያህል፣ እግር የሚያስዘረጋ። ፀዳለ ከዚያ ላይ ሆና ምንም አልታያትም። እጇን ይዤ ደረጃውን ወረድንና ነጠላችንን አንጥፈን ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ወዲያው አንዱ አስተናጋጅ ባትሪውን ፊታችን ላይ አበራ።

«ወንበር በሌለበት መቀመጥ አይፈቀድም» አለን።

«ታዲያ ወንበሮቹን የት አደረሳችኋቸው?»

በባትሪው ወደ መውጫው መራን። በር ላይ ያለችውን ትኬት ቆራጭ ጠየቅኋት። የትኬቱን ገንዘብ መለሱልን፤ ጥያቄዬን የመለሰልኝ ግን የለም። የሲኒማ ቤቱን ስም አልጽፍም። የጠየቅሁት መልስ እንጂ የሰው እንጀራ አይደለም።

የፀዳለ ነገር እንዲህ ነው። ዓይኗ ከመሀል እየጠፋ ነው። ሰው ስታይ አፍንጫውና ዓይኑ ይሰወርባትና ጆሮውና ፀጉሩ ይቀራል። ሐኪሙ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልሰውም ብሏታል። ልጆቿ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዙላት። እሷ ግን ቴሌቪዥኑ እንዳለ ዓይኔ መሀል ካለው ጉድጓድ ውስጥ ይገባብኛል ትላለች። ስክሪን ሲሰፋና ቀርባ ስትቀመጥ ብቻ ነው ዳር ዳሩ የሚተርፋት። ዳሩም መቼ እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም።

«አንድ ፊልም» አለችኝ። «አንድ ብቻ፣ እንደ ድሮው ከፊት ሆኜ። ቴሌቪዥን ከእኔ ያንሳል፤ ዘኔ፣ እኔ ማየት የምፈልገው ከእኔ የሚበልጥ ነገር ነው።»

እንግዲህ ፊተኛ ረድፍ ያለው ሲኒማ በክፍለ ከተማችን ውስጥ ይኖር እንደሆነ ልንፈልግ ተነሳን።

ማለዳ፣ ሀና ማርያም

ኪዳን አድርሰን ስንወጣ ገና ጎህ እየቀደደ ነው። ጭጋጉ ከወንዙ በኩል ተነስቶ የኮንዶሚኒየሙን የታችኛውን ፎቅ ሸፍኖታል። ወተት በጀሪካን የጫኑ ሰዎች ይወርዳሉ፤ እዚህ ሰፈር ከእኛ በፊት የነበሩት ገበሬዎች ናቸው። መሬቱ ቤት ሆነ እንጂ ላሞቹ አሁንም አሉ። የታክሲው ሰልፍ ከዳቦ ቤቱ በር አልፎ ተጠማዝዟል። ማልደን የወጣነው ለዚህ ነበር፤ ሰልፉ ግን ከእኛ ቀድሞ ነቅቷል።

ተራችን ሲደርስ ረዳቱ «ማዘር ከኋላ፣ ከኋላ ግቡ!» አለ።

«ጋቢና ለጓደኛዬ ይሁን።»

«ጋቢና ተይዟል።»

«በማን?»

«በቦርሳ።»

«ቦርሳውን ዓይኑን ያመዋል?»

ሹፌሩ ሳቀና ቦርሳውን አነሳ። ፀዳለ ጋቢና ገባች፤ እኔ ከጀርባዋ። መንገዱ ላይ ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ «ወዴት ነው በማለዳ እናቴ?» አለ።

«ሲኒማ።»

«ሲኒማ! አሁንም አለ እንዴ?»

«አንተ መጨረሻ የገባኸው መቼ ነው?»

«ሚስቴን ሳጫት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አገባኋት። ከዚህ በኋላ ምን ያስገባኛል?»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ፀዳለም ሳቀች፤ ሳቁ ወደ መጣበት ግን አልዞረችም። መስታወቱን ትኩር ብላ ታያለች፤ ወይም የመስታወቱን ዳር።

ረፋድ፣ ጀሞ

ጀሞ እንደ ደረስን ወደ ጌታሁን ቪዲዮ ቤት አቀናን። ጌታሁንን የማውቀው ትልቁ ልጄ ትምህርት ቤት ሳይሄድ እሱ ጋ ሲገኝ ልወቅሰው በሄድኩባቸው ቀናት ነው። ያኔ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጣውላ ደርድሮ ፊልም ያሳይ ነበር። ልጆች አንዱ በአንዱ ጉልበት ላይ ተቀምጠው ያያሉ፤ ፊልሙን የሚተርክ ሰው ደግሞ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ይጮሃል። አሁን ቤቱ ብሎኬት ሆኗል። ጣውላው በፕላስቲክ ወንበር ተተክቷል። ግድግዳው ሁሉ የእግር ኳስ ማሊያ ነው።

«እማማ ዘነበች!» አለ፤ ከመጥረጊያው ቀና ብሎ። «ዛሬ ደግሞ ማንን ልትወስጂ መጣሽ?»

«ዛሬ ልታሳየኝ ነው የመጣሁት። ፊልም መቼ ነው?»

«ፊልምማ ቀረ። ኳስ ብቻ ነው። ፊልም ሁሉም ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ማን ገንዘብ ከፍሎ ከኔ ጋር ያያል? ኳስ ግን ብቻህን አይታይም። ጎል ሲገባ የምታቅፈው ሰው ያስፈልግሃል።»

ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ አለ። ሰው ሲያለቅስ የሚያቅፈው ሰው እንደሚያስፈልገውም ያውቃል፤ ስንቱን ፊልም አሳይቷል። ደግ ሰው ነው፤ ሳንጠይቀው ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ አንድ የአማርኛ ፊልም ከፈተልን። ፀዳለን ከፊት አስቀመጠ። እሷም ወንበሩን እየገፋች እየገፋች አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ደረሰ። ትንሽ ቆየችና ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች።

«ጌታሁን፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ሰዎቹ የሉም።»

ሻይ ካላጠጣኋችሁ ብሎ አልለቅ አለን። ዋጋው ባለፈው ወር ከነበረው ጨምሯል ይላሉ፤ እሱ ግን ገንዘብ አልተቀበለንም።

እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ ብስራተ ገብርኤል

ከጀሞ በመካኒሳ በኩል ሄድን። መንገዱ ግማሹ ተቆፍሯል፤ አቧራው መስኮት ዘግተህም ይገባል። ብስራተ ገብርኤል ወርደን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለውን የሠራተኞች ክበብ አዳራሽ ፈለግነው። እኔና ፀዳለ ልጃገረዶች ሆነን እሁድ እሁድ ፊልም ያየነው እዚያ ነው።

ያኔ የነበረውን ለማያውቅ ልንገር። አንድ ስክሪን ነበር፤ ከሥሩ ግን ሰፈሩ በሙሉ ይቀመጣል። ረዣዥም አግዳሚዎች፣ ከኋላ ደግሞ ባለ መደገፊያ ወንበር፣ ከላይ ፎቁ። ፎቁ ለባለ ገንዘብ፣ ፊተኛው አግዳሚ ለእኛ ነበር፤ ርካሹ እሱ ነው። ድሃ ከሁሉ ቀርቦ የሚያየው ነገር ቢኖር ሲኒማ ብቻ ነበር። ከዚያ አዳራሾቹ አንድ በአንድ መዘጋት ጀመሩ፤ ቪዲዮ ቤት በየጓሮው ፈላ። ቀጥሎ የአማርኛ ፊልም መጣና ሰልፉ እንደገና ሕንፃ ዞረ፤ ልጆቼን ይዤ ፀሐይ ላይ ቆሜያለሁ። ከዚያ ሲኒማ ወደ ሕንፃ ላይ ወጣ። አንዱ አዳራሽ በሰሌዳ ተከፍሎ ሦስት ሆነ። ስክሪኑ በዛ፣ ወንበሩ ሰፋ፣ ሰው ሳሳ። እኔ በዕድሜዬ ያየሁት ይህን ነው። ሌላ ያየ ካለ ይጻፍ።

አዳራሹ አለ። በሩ ላይ ግን «ሴራሚክና ቀለም» ይላል። ገባን። ካርቶን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ የኖራ ሽታ አፍንጫ ይዘጋል። ባለ ሱቁ፣ ካልኩሌተር በአንገቱ ያንጠለጠለ ጎልማሳ፣ «ምን ላሳያችሁ?» አለ።

«ወለሉን» አለች ፀዳለ።

«ሴራሚኩን ነው?»

«አይደለም፤ የቆምክበትን ወለል።»

ሰውየው ግራ ተጋባ። ነገሩን ስነግረው ግን ፊቱ በራ። «ለዚህ ነው እንዴ! ይህ ወለል ያዘነብላል። የቀለም ቆርቆሮ ከእጅህ ካመለጠ ተንከባሎ እዚያ ግድግዳ ድረስ ነው የሚሄደው። አከራዩ ያልተደላደለውን ሰጠኝ እያልኩ ስረግመው ኖርኩ።»

ግድግዳው ስክሪኑ የነበረበት ነው። ፀዳለ ክንዴን ለቀቀች። በካርቶኖቹ መሀል በቀረው ቀጭን መንገድ፣ በእግሯ እየዳበሰች፣ ቁልቁል ሄደች። ልከተላት ስል በእጇ ከለከለችኝ። በዓይኗ ሳይሆን በወለሉ መታመኗን አየሁ። ታች ስትደርስ ቆመችና በጫማዋ ጫፍ አንድ ነገር ነካካች። ሄጄ ጎንበስ አልኩ። አግዳሚው የታሰረበት ብሎን ነው። እንጨቱን ሲያነሱ ብረቱን ከወለሉ እኩል ቆርጠው ትተውታል። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ፤ በመስመር።

«አንቺ እዚህ ነበርሽ» አለች። «እኔ እዚህ። አስቴር ሁልጊዜ ታረፍድ ስለነበር ነጠላዬን ዘርግቼ ቦታ የምይዝላት እዚህ ጋ ነበር።»

አስቴር ካረፈች ብዙ ዓመት ሆናት። ፀዳለ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ልታነጥፈው መሰለኝ። መልሳ አደረገችው።

ያኔ የህንድ ፊልም ነበር የምናየው። ከታች የሚጻፈውን ትርጉም እኔ ማንበብ አልችልም ነበር፤ ፊደል የቆጠርኩት ኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ፀዳለ በጆሮዬ ትነግረኝ ነበር። የምትነግረኝ ከተጻፈው ይበልጥ እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከኋላችን ያሉትም «ጮክ በይ!» ይሏት ነበር።

ባለ ሱቁ ሳንጠይቀው ሁለት ባሊ ቀለም አስጠግቶ «ተቀመጡ እናቶቼ» አለን። ባዶውን ግድግዳ እያየን ትንሽ ተቀመጥን። ደንበኛ መጣ፤ ተነሳን።

ቀትር፣ ጎፋ

ጎፋ የድሮ ሰፈራችን ነው። ሀና ማርያም ከመዛወራችን በፊት እዚህ ነበርን። ቤቱ ቢፈርስም ዕድራችን አልፈረሰም፤ አሁንም በየወሩ እየመጣን እንከፍላለን። ሽሮ በልተን ስንወጣ ሰዎች ከአንድ ፒክአፕ ላይ የዕድሩን ወንበሮች ወደ መጋዘን ያወርዳሉ። ከሐዘን ቤት መመለሳቸው ነው። የሚታጠፉ የብረት ወንበሮች ናቸው፤ መደገፊያቸው ላይ የዕድሩ ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል።

ያን ጊዜ የአስተናጋጁ ቃል ትዝ አለኝ። ወንበር በሌለበት መቀመጥ አይፈቀድም ነው ያለው። ወንበር ይዞ መምጣት አይፈቀድም አላለም።

ንብረት ያዡ አቶ ወልዴ ነው፤ በወጣትነቱም ግትር ነበር።

«ወልዴ፣ ሁለት ወንበር አውሰኝ።»

ኮፍያውን አወለቀ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

ኮፍያውን መልሶ አደረገ። «እንግዲያስ አይወጣም። ደንብ ነው። ሰው ሳይሞት ወንበር አይወጣም።»

«ለሰርግስ ስታወጡ አላየሁም?»

«ሰርግ ሌላ ነው። ያንቺ ምንድን ነው?»

«ሲኒማ።»

«ሲኒማ!» ወደ ጫኞቹ ዞረ። «ሰማችሁ? የዕድር ወንበር ሲኒማ ሊገባ ነው!»

«ስማኝ ወልዴ» አልኩት። «ይህን ዕድር ስንመሠርት ነበርኩ። እኔ ስሞት እነዚህ ወንበሮች ሁሉ ይወጣሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ ይቀመጥባቸዋል፤ የማልቀመጥባቸው እኔ ብቻ ነኝ። ፀዳለም እንደዚያው። የእኔንና የእሷን አንድ አንድ ወንበር ዛሬ በቁማችን ስጠን። ማታ ይመለሳል።»

ወልዴ ጫኞቹን አየ። ጫኞቹ መሬት መሬት አዩ። ፀዳለ በዓይኗ ዳር ፈልጋ አገኘችውና «ወልዴ፣ ጆሮህ አሁንም ትልቅ ነው» አለችው።

«አይታይሽም አላሉኝም?»

«የሚታየኝ እሱ ብቻ ነው።»

ሳቁን ዋጠና ሁለቱን ወንበር ራሱ መረጠ፤ የማይነቃነቁትን።

ከሰዓት፣ ወደ ለቡ

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ወንበሮቹን ከኋላ እየወተፈ «ማዘር፣ እነዚህም ይከፍላሉ» አለ።

«ወንበር ወንበር ላይ አይቀመጥ፤ ስለምን ይከፍላል?»

ከጎናችን የነበረች ሴት ቀዩን ጽሑፍ አየችና ነጠላዋን አስተካከለች። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ማን ነው?»

እኔ ልክድ ስል ፀዳለ ቀደመች። «ገና አልሞተም። ልንጠይቀው እየሄድን ነው።»

«ታዲያ ወንበሩ?»

«ቤቱ መቀመጫ የለውማ።»

ሴትዮዋ አንገቷን ነቀነቀች። ስንወርድ አንዱን ወንበር እስከ ሕንፃው በር ተሸከመችልን፤ «ምሕረቱን ያምጣለት» ብላ ተመለሰች። ፀዳለም ከልቧ «አሜን» አለች።

አመሻሽ፣ ለቡ

ዘበኛው በሩ ላይ ያዘን። «ይህን ይዛችሁ አትገቡም።» እኔ አሁን የቆረጥናቸውን ትኬቶች አሳየሁት። ድምፅ ከፍ አለ፤ ከእኔ ነው። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ወረደ፤ ቀጠን ያለ፣ ጺሙ የሸበተ ሰው።

«ባለፈው ሳምንት ወንበር በሌለበት መቀመጥ አይፈቀድም ተባልን» አልኩት። «አሁን ወንበር አለ።»

ወንበሮቹን አየ። ፀዳለን አየ፤ እሷ የእሱን ትከሻ ነበር የምታየው። ወደ ትኬት ቆራጯ ዞሮ «ስንት ሰው ገብቷል?» አለ።

«ሁለት ሦስት ጥንዶች ናቸው፤ ሁሉም ከኋላ።»

«አስገቧቸው» አለና ወንበሮቹን ራሱ ተሸክሞ ወደ አዳራሹ ወጣ።

ከስክሪኑ ፊት ለፊት ዘረጋቸው። መብራቱ ጠፋ። አንድ አባትና ሴት ልጁ በሐይቅ ዳር የሚኖሩበት ፊልም ነው። ፀዳለ አንገቷን ወደ ኋላ ጣል አደረገች፤ ስክሪኑ እስከ ጣሪያው ወጥቷል። እጄን ያዘችኝ።

«በግራ ደንገል አለ» አለች። «ነፋስ እያወዛወዘው። በቀኝ የጀልባ አፍንጫ። ውሃ ዘኔ፣ ውሃው እስከ ላይ ነው!» ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል አለች። «መሀሉ ላይ ምን አለ?»

«አባትየው። ጀርባውን ሰጥቷታል። ልትነግረው የፈለገችው ነገር አለ፤ አልቻለችም።»

«ታለቅሳለች?»

«ገና ነው። ከንፈሯን ነክሳለች።»

እንዲህ አየነው፤ ዳሩን እሷ፣ መሀሉን እኔ። ከተዋናዮቹ ድምፅ በላይ እንዳልሆን በሹክሹክታ ነበር። ከኋላ የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ መጣ። አሁን ነው የምንባረረው አልኩ።

«እማማ፣ ትንሽ ጮክ ይበሉ» አለች። «እኛም እንስማ።»

ፀዳለ በጨለማ ውስጥ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረች። ፊልሙ እስከሚያልቅ እንባዋን አልጠረገችም፤ ለመጥረግ ዓይን መሸፈን አለ።

መብራት ሲበራ ጥንዶቹ ወጡ። ሥራ አስኪያጁ በጎን በር ገብቶ ወንበሮቻችንን ሊያጥፍ ጎንበስ አለ። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

«ዛሬ ያስገባኸን አዝነህልን ነው» አልኩት። «እግዜር ይስጥህ። ግን እኔ የመጣሁት እንዲታዘንልን አይደለም። ነገ ሌላ ዓይኗ የደከመ ሴት ብትመጣ እሷም የዕድር ወንበር ተሸክማ ነው የምትገባው? ፀዳለስ በሚመጣው ሳምንት? ባለፈው የጠየቅሁትን ዛሬም እጠይቅሃለሁ። እዚህ የነበሩት ወንበሮች የት ናቸው? ለምንስ ተነሱ?»

ቀና አለ። ባዶውን አዳራሽ እስከ ላይኛው ረድፍ አየው። ከዚያ የፀዳለን ወንበር መደገፊያ ይዞ ቆመ፤ ቀዩ ጽሑፍ በጣቶቹ መሀል ይታያል።

«አልተሸጡም እማማ» አለኝ። «ከስክሪኑ ጀርባ ተደራርበው አሉ። ያነሳኋቸውም እኔ ነኝ። ማታ ማታ መብራት ሳበራ ያን ሁሉ ባዶ ወንበር እያየሁ በር መዝጋት አቃተኝ። ወንበር ሲያንስ ሰው የቀረ አይመስልም። እርስዎ ሰው ይዘውልኝ ይምጡ፤ በመጣው ሰው ልክ አንድ በአንድ መልሼ አወጣቸዋለሁ። የእሳቸው ግን ከነገ ጀምሮ ይወጣል።»